ሲስተር ዘነበች የጠየቁኝ ይቅርታ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው ዘንድ በየዓመቱ እየሄድኩ የሻርኩትን ጾም፣ ያማሁትን ሰው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የተሳደብኩትን ስድብ ሳይቀር እዘረዝራለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን «የኮምፒውተር ጉዳይ ነው፣ አይገባቸውም» ብዬ አልፈዋለሁ። እንዲህ ያለ ምክንያት ለራሱ የሚያዘጋጅ ሰው ምን ይባላል? ጉዳዩ የኮምፒውተር አይደለም። የሰው ገመና በእጄ ነበረ፤ እኔ አወጣሁት፤ ሌላ ሰው ተቀጣበት። አንተ ይህን የምታነብ፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም፣ ለንስሐ አባቴ የነፈግኩትን ላንተ ልናገር ነው። ስታነብ አትዘንልኝ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ ካዛንቺስ ገና የድሮዋ ካዛንቺስ ሳለች ነው። የምሠራው በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር። ድርጅቱ በኢንተርኔት ላይ በአማርኛ የሚካሄድ የውይይት መድረክ ነበረው፤ እኛ ፎረሙ ነበር የምንለው። ሰዉ ስለ ኳስ ይከራከርበታል፣ የሚከራይ ቤት ይጠይቅበታል፣ የሱቅ ስልክና የሐኪም አድራሻ ይፈልግበታል። ሁሉም የሚጽፈው በብዕር ስም ነው። ያ ሁሉ ወሬና ክርክር የሚኖረው ከጠረጴዛዬ ሥር በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ሊኑክስ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፈንታ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም የተጫነበት ነው። በዚያን ጊዜ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጥቁሩን ስክሪን ከፍቼ ትእዛዝ ስጽፍ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ደስ ይለኛል። ሲያደንቁኝ ደግሞ እየሰማሁ እንዳልሰማ እሆናለሁ።

ከፎረሙ ክፍሎች አንዱ ዝግ ነበር። የምክር ክፍል ይባላል። ሰው ለሐኪም በአካል መናገር የሚያፍረውን እዚያ ይጽፋል። የተጻፈውን ማየት የሚችሉት ጸሐፊው ራሱና መልስ የሚሰጡት ሲስተር ዘነበች ብቻ ናቸው። ቁልፉ፣ ማለትም የይለፍ ቃሉ፣ እርግጥ እኔም ዘንድ ነበር፤ የማሽኑ ጠባቂ ነኛ። ሲስተር ዘነበች ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ ከቢሮአችን ጀርባ በቀበሌ ቤት ነበር የሚኖሩት። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጡና በሁለት ጣት እየተየቡ ይመልሳሉ። አንዱን መልስ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል። ክፍያ የላቸውም፤ ሻይ እንኳ ሲቀርብላቸው «ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላሉ። አንድ ቀን ትየባውን ላግዛቸው ጠጋ ብል ስክሪኑን በመዳፋቸው ጋረዱት።

«አይ፣ የኔ ልጅ፣ ይሄ የሰው ገመና ነው። አንተ ማሽኑን ብቻ ጠብቅልኝ፣ እሱ ይበቃኛል» አሉኝ።

እሳቸው ከእኔ የጠየቁት ይህንኑ ብቻ ነበር።

ፎረሙ እያደገ ሲሄድ የፍለጋው ነገር አስቸገረ። ሰው አንድ ቃል ጽፎ ሲፈልግ ማሽኑ ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ የተጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ያነብባል፤ እስኪጨርስ ድረስ ሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ራሱን የቻለ የፍለጋ ፕሮግራም ልጭን ተነሣሁ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም መልእክቶቹን አስቀድሞ አንብቦ፣ የትኛው ቃል የት እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ፍለጋ የሰከንድ ሥራ ነው። መስመሩ እየተቆረጠብኝ ፕሮግራሙን ለማውረድ ሁለት ቀን ፈጀ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማንም በሌለበት ቢሮ ገብቼ መጫን ጀመርኩ። ይህ ጎድሎሃል ይለኛል፤ እሱን ፈልጌ ሳመጣ ሌላ ጎድሎሃል ይለኛል። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ማስተካከያ ፋይሉ ላይ ደረስኩ።

ፋይሉ ውስጥ ፕሮግራሙ የትኞቹን መልእክቶች እንዲያነብብ የሚያዝዝ መስመር አለ። መመሪያው ላይ የተሰጠው ምሳሌ «ሁሉንም» ይላል። እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። «ከምክር ክፍሉ በቀር» የሚል ሐረግ መጨመር ነበረብኝ። ትዝ ብሎኝ ነበር ወይ? ይህን ራሴን ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩት አልነግርህም። ትዝ ብሎኝ ነበር። «መጀመሪያ ይሥራልኝ፣ ከዚያ እመለስበታለሁ» አልኩ። ሠራ። አልተመለስኩበትም።

ሰኞ ዕለት የቢሮው ሰው ሁሉ እየመጣ አንዳንድ ቃል ጽፎ ሞከረ። ሥራ አስኪያጃችን የራሳቸውን ስም ጽፈው ያሟቸውን ሦስት ሰዎች አገኙ፤ እየሳቁ ትከሻዬን መቱኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጉደኛ ነህ! በቃ ሐሙስ እንግዶቹ ሲመጡ ይህን ነው የምናሳያቸው» አሉ።

እንግዶቹ ድርጅቱን የሚረዱ ሰዎች ነበሩ። ሐሙስ ጠዋት እኔ ቆሜ እንዳሳያቸው ተወሰነ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ከእንግዳ ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ለእንግዶቹ የማሳየውን ስለማመድ «መድኃኒት» የሚል ቃል ጻፍኩ። የውጤቶቹ ዝርዝር መጣ። ሦስተኛው ከምክር ክፍሉ ነበር። የምለማመደው እንደ ተራ ተጠቃሚ ገብቼ ነበርና፣ በሩ መዘጋቱን ልፈትን ስጫነው «አይፈቀድልዎትም» አለኝ፤ በሩ በደንብ ተዘግቷል። ነገር ግን የጫንኩት ፍለጋ ከእያንዳንዱ ውጤት ሥር ሁለት መስመር ቀንጭቦ ያሳያል። ያ ሁለት መስመር ለማንም ሰው ይታይ ነበር። የማን ጽሑፍ እንደሆነ ሳላውቅ ሁለቱንም መስመር አነበብኩ፤ ፊቴ ጋለ።

ማድረግ የነበረብኝ ምን ነበር? ፍለጋውን ማቆም። አንድ ትእዛዝ ነው፤ ዛሬም ዐይኔን ጨፍኜ ልጽፈው እችላለሁ። ግን ካቆምኩት በኋላ ማውጫውን እንደገና ማሠራት ሊኖርብኝ ነው፤ ማሠራቱ ደግሞ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር፤ ረቡዕ የእኛ ሰፈር ቀኑን ሙሉ መብራት የለውም። በተራችን ቀንም ቢሆን ሲፈልግ ይጠፋል። መሃል ላይ ቢጠፋብኝ ሐሙስ ጠዋት እንግዶቹ ፊት ባዶ እጄን ልቆም ነው። አሰብኩበት። ተደናግጬ ያደረግኩት እንዳይመስልህ። ሻይ አዝዤ፣ ቁጭ ብዬ፣ ስኳሩን እያማሰልኩ አሰብኩበት። «ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ሐሙስ ከሰዓት አስተካክለዋለሁ» አልኩ። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። አውቄ ተውኩት።

በዚያው ቀን ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ የምትሠራ ሴት የአንድ ጸጉር ቤት ስልክ ፈለገች። የወንድሟ እጮኛ የምትሠራበት ጸጉር ቤት ነው፤ ለሠርጉ ቀጠሮ ልትይዝ ነበር። እንደ ማንኛውም ሰው ፎረሙን ከፍታ የጸጉር ቤቱን ስም ጻፈች። የመጣላት ግን ስልክ ቁጥር አልነበረም።

የእጮኛይቱን ስም አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ያወጣሁት ይበቃል። ያቺ ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሲስተር ዘነበች ጽፋ ነበር። በብዕር ስም ጻፈች፤ ዝግ ክፍል ነው ስለተባለች ግን የምትሠራበትን ጸጉር ቤትና የሠርጓን ወር ሳትደብቅ ነው የጻፈችው። ከጋብቻ በፊት ምርመራ አድርጋ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ መገኘቱን፣ ለእጮኛዋ በምን አፏ እንደምትነግረው መጨነቋን ነበር የጻፈችው። የጸጉር ቤቱ ስም፣ የሠርጉ ወርና ቫይረሱ ፍለጋው በቀነጨበው ሁለት መስመር ውስጥ ገብተው ነበር። ሲስተር ሲያበረታቷት ሰንብተዋል። በመጨረሻም ቤታቸው ጠርተዋት፣ በሚመጣው እሑድ ራሷ ልትነግረው፣ እሳቸውም አጠገቧ ሊቀመጡ ተስማምተው ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ማክሰኞ ማታ እጮኛዋ ከእህቱ ሰማ። ረቡዕ ሠርጉ ቀረ ተባለ። ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አምስት ሰዓት አለ። በእነዚያ አምስት ሰዓታት ውስጥ በማንኛዋም ደቂቃ ላቆመው እችል ነበር።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። አሳየኋቸው፤ አጨበጨቡልኝ። ከሰዓት በኋላ ያችን ሐረግ ጨምሬ ማውጫውን እንደገና አሠራሁት። ተስተካከለ፤ እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ አምሽቼ ቤቴ ገብቼ እራቴን በደንብ በላሁ።

ዓርብ ወሬው ቢሮ ደረሰ። የልጅቷ እናትና ሲስተር ዘነበች የአንድ እድር ሰዎች ናቸው፤ እናትየው በእድርተኛው ፊት «ልጄ ለእሷ ብቻ ነው የነገረችው፣ ጉዴን ያወጣችው እሷ ናት» ብለው መጮኻቸውን የቢሮአችን ተላላኪ ነገረችን። ማንም ሳያየኝ ሰው የፈለገውን ቃል ሁሉ የሚመዘግበውን ፋይል ከፈትኩ። ልጅቷ ትሠራበታለች የተባለው የጸጉር ቤት ስም አለ፤ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ምን እንደሆነ ገባኝ። ፋይሉን አጠፋሁት። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ከእድሩ ተልከው ቢሮ መጡ። የሚናገሩት ጋሽ ወልዴ ነበሩ፤ ሰንጋ ተራ ሱቅ ያላቸው፣ ሰው የሚያከብራቸው ነጋዴ። ደረጃው አድክሟቸው ትንሽ ተነፈሱና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እኛ ይሄን ነገር አናውቀውም፣ አንተ ነህ የምታውቀው። የሙሽራው እህት ኮምፒውተር ላይ አየሁት ትላለች። እናትየው ደግሞ ሲስተር ነግራት ነው፣ ኮምፒውተር የምትለው ለሽፋን ነው ትላለች። እንግዲህ ይታያል ወይስ አይታይም? አንተ ያልከውን እንቀበላለን።»

ሽማግሌ የሚያምነው ዐይኑንና የተጠየቀውን ሰው ቃል ነው። እኔ ሁለቱንም ሰጠኋቸው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ፊታቸው የጸጉር ቤቱን ስም ጻፍኩ። ምንም አልመጣም።

«ይኸው፣ አይታይም» አልኩ።

እውነት ነው፣ ቅዳሜ ዕለት አይታይም ነበር። ስለ ማክሰኞ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ጋሽ ወልዴ ቀጠሉ፤ «ታዲያ የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አሉ። «እኔና ሲስተር ጋ» አልኩ። «አንተስ ከፍተህ አይተኸዋል?» አሉ። «እኔ የሰው መልእክት አልከፍትም» አልኩ። ይህም እውነት ነበር። ሁሉንም ጥያቄ በእውነት መለስኩና አንድ ትልቅ ውሸት ሠርቼ ሰደድኳቸው። ጋሽ ወልዴ ሲወጡ መረቁኝ። አሜን አልኩ።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በእድሩ አዳራሽ እርቅ ሆነ። እኔም ምስክር ተብዬ ተጠራሁ። እናትየው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠዋል። ልጅቷ አልመጣችም። ሲስተር ዘነበች ቆመው «እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆስፒታል ሳለሁም ተናግሬ አላውቅም» አሉ። ሽማግሌዎቹ የኮምፒውተሩን ነገር በዐይናቸው እንዳዩ፣ አዋቂውም እንደመሰከረ አስረዱ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። ሲስተርም አዩኝ። ያን ጊዜ ማክሰኞ የሚል አንድ ቃል ቢወጣኝ ይበቃ ነበር። አልወጣኝም። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነበር ልበልህ? ፈርቼ ነበር። ከዚያ ይልቅ ግን ጉደኛ መባሌ እንዳይቀርብኝ ነበር የሳሳሁት።

ሲስተር ወደ እናትየው ዞሩ። ከዚያ «ነገሩ የወጣው እኔ ከያዝኩት ክፍል ነው። በምን እንደወጣ አላውቅም። ሳላውቅ ካጠፋሁ ይቅር በሉኝ» አሉ። በሰባ ዓመታቸው ጎንበስ ብለው የእናትየውን ጉልበት ያዙ። እናትየው እያለቀሱ አነሷቸው። ያበቃ መሰለኝ። ሲስተር ግን ዞሩና ወደ እኔ መጡ።

«አንተንም መሥሪያ ቤታችሁንም አሳማሁ፣ የኔ ልጅ። ይቅር በለኝ» አሉና ጎንበስ አሉ።

ትከሻቸውን ይዤ ላቆማቸው ሞከርኩ። ቀላል ሴት ነበሩ፤ አጥንታቸው በእጄ ተሰማኝ። ከኋላ ጋሽ ወልዴ «በል ይቅር በላቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ እየጠበቀ ነበር።

«ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ፣ በእኔ ጥፋት፣ እሳቸውን ይቅር አልኳቸው። የእግዚአብሔርን ስም ጠርቼ ይቅር አልኳቸው። መልእክቱን ያወጣሁ እኔ፣ እያወቅኩ የተውኩት እኔ፣ መዝገቡን ያጠፋሁት እኔ፣ ፊቴ የጎነበሱትን አሮጊት ይቅር አልኳቸው። ከዚህ በፊት የነገርኩህ ሁሉ ስንፍናና ፍርሃት ነው ብትለኝ እሺ እላለሁ። ይህን ግን ምን ትለዋለህ? እኔ እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም።

ከዚያ በኋላ የምክር ክፍሉ ተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ ለሲስተር የምስጋና ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ በጨዋ ቋንቋ አትምጡብን ማለታቸው ነበር። እሳቸው ቤት ደም ግፊቷን የምታስለካ፣ ልጇን አቅፋ ምክር የምትጠይቅ ጎረቤት ሁሉ ቀስ በቀስ እግሯን አሳጠረች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኝና «ማሽኑ ደህና ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው፣ ሲስተር» እላለሁ። ያውቁ ነበር ይሆን? አላውቅም። ጥያቄያቸውን መሸከም ሲያቅተኝ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ መሻገር ጀመርኩ።

ልጅቷ ከተማ ቀይራ መድኃኒቷን ጀምራ በሕይወት እንዳለች፣ የራሷን ጸጉር ቤትም እንደከፈተች ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ያ የእሷ ጥንካሬ ነው፣ ከእኔ ዕዳ አንዲትም አይቀንስም። በሕይወቷ ከሁሉ የከበደውን ቃል በራሷ አፍ፣ በመረጠችው ቀን ልትናገረው ተዘጋጅታ ነበር። ከአፏ ነጠቅኳት። ምናልባት ሰውየው ከእሷ ቢሰማው ይቀበላት ነበር፤ ምናልባትም አይቀበላትም ነበር። ያንን የማወቅ መብቷን ነው የወሰድኩባት።

ባለፈው ዓመት ሲስተር ዘነበች አረፉ። የካዛንቺሱ ቤት ከፈረሰ በኋላ በገቡበት ኮንዶሚኒየም ነው ያረፉት። ልጃቸው ዮናስ ደወለልኝ፤ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን በኮምፒውተር እንድጽፍለት ነበር። «እማዬ አንተን ትወድህ ነበር» አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ እሱ እየነገረኝ ጻፍኩ፤ የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ በየትኞቹ ሆስፒታሎች እንዳገለገሉ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደጉ። ጡረታው ላይ ስንደርስ እጄ ቆመ።

«የምክሩን ነገርስ?» አልኩት።

ዮናስ ፊቱን በእጁ አሻሸ። «እሱን ዝለለው ባክህ። ሰው ያንን ነገር አልረሳውም። ዛሬ እንኳ ሬሳዋ ላይ አይወራባት» አለኝ።

ልጃቸው በእናቱ ሲያፍር ዐየሁ። ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። እዚያች ክፍል ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ ሽማግሌ የለ፣ ሥራ አስኪያጅ የለ፣ የምፈራው አንድም ሰው የለ። ዘለልኩት። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ታሪኩ ሲነበብ የልጅቷ እናት ከፊቴ ቆመው እያዳመጡ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አንድም ቃል ሳልናገር ከኋላቸው ቆምኩ።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ቀድመው እኔን ጠይቀውኝ ሄደዋል። ወጣት ነበርኩ፣ መብራት ይጠፋ ነበር፣ መመሪያው እንደዚያ ይል ነበር ብዬም አላመካኝም። የዘለልኩትን አንቀጽ ግን ዛሬ ጽፌዋለሁ። ነገ መጀመሪያ ለዮናስ፣ ከዚያ ለእድሩ እወስደዋለሁ፤ ታሪካቸው በተነበበላቸው ሰዎች ፊት ራሴ ቆሜ አነብበዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ሲስተር ዘነበች ጡረታ ከወጡ በኋላ በፎረሙ የምክር ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ ለተጨነቁ ሰዎች መልስ ሲጽፉ ቆይተዋል። ምስጢራቸውን ካካፈሏቸው ሰዎች የአንዱንም ለማንም አልተናገሩም። በሕዝብ ፊት ጎንበስ ብለው ይቅርታ የጠየቁበት ጥፋት የእርሳቸው አልነበረም። ጥፋቱ የዚህ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነው።»